ነጠላው ላይ ያረፉት

«ስመ ክርስትናቸውስ?» አሉኝ ቄሱ።

ጁባ ባለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያናችን ደጃፍ ቆሜ፣ ለጋሼ ይሁኔ ጸሎተ ፍትሐት እንዲደረግላቸው እየጠየቅሁ ነበር። መሞታቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ሰንብቶ ነው። ሞጣ ስልክ ጠፍቶ፣ መንገዱም ተዘግቶ ስለ ነበር መርዶው ቢቸና ባሉት ወንድሞቼ በኩል ዞሮ፣ ቀዝቅዞ ደረሰኝ። የቀዘቀዘ መርዶ ደግሞ ይብሳል። ሰው ሁሉ አልቅሶ ጨርሶ፣ ድንኳኑ ፈርሶ፣ አንቺ ብቻሽን ትጀምሪያለሽ።

«ይሁኔ ነው ስማቸው» አልሁ።

«እሱ የዓለም ስማቸው ነው፣ ልጄ። በጸሎት የሚጠሩበትን ነው የምጠይቅሽ።»

አላውቀውም። በግቢያቸው ተከራይቼ ኖሬያለሁ። በሥራም አለቃዬ ነበሩ፤ በሞተር ሳይክላቸው ኋላ ነጠላዬን ጠበቅ አድርጌ ተቀምጬ የሞጣን ዙሪያ ቀበሌ ሁሉ አብሬያቸው ዞሬያለሁ። በቆሎ ማሳ መካከል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያዜሙ ሰምቻለሁ፤ በልጅነታቸው የዜማ ተማሪ ነበሩ። ስመ ክርስትናቸውን ግን አንድ ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም። ቄሱ «ጠይቀሽ ነይ» ብለው ሸኙኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ባለቤታቸው፣ ወደ እትዬ አትጠገብ፣ እደውላለሁ። አይጠራም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ዝምታውን ሳዳምጥ የሚታየኝ የጋሼ ይሁኔ እጅ ነው።

ጋሼ ይሁኔ ሥራቸው የእሳት እራት ማጥመድ ነበር። እዚህ አገር ይህን ስናገር ሰው ይስቅብኛል። ነገሩ ግን የእህል ጉዳይ ነው። በቆሎውን የሚያወድመው ተምች ከእሳት እራት እንቁላል ነው የሚፈለፈለው። የእሳት እራቱ መድረሱን ቀድሞ ያወቀ ተምቹን ቀድሞ ይይዛል። ስለዚህ ማሳው ዳር ባልዲ ይሰቀላል። ከባልዲው ክዳን ሥር ከእርሳስ ላጲስ የማትበልጥ ቁራጭ ጎማ ትንጠለጠላለች፤ በጎማዋ ውስጥ የሴቷ የእሳት እራት ጠረን አለ፣ ፋብሪካ የሠራው። ወንዶቹ ሲመሽ ያንን ብለው ይመጡና ባልዲው ውስጥ ይቀራሉ። ጠዋት ጠዋት ሄደን ከፍተን እናያለን፤ ብዙ ከሆኑ ገበሬው ማሳውን እንዲፈትሽ እንነግራለን።

«ሴቷ አትጮህም» ይሉ ነበር ለገበሬዎቹ፣ ባልዲውን በሰቀሉ ቁጥር። «አትበርም፣ አትፈልግም። ቅጠል ላይ ቁጭ ትልና ከጅራቷ ጫፍ ጠረኗን ትለቃለች። በቃ። ወንዱ ግንባሩ ላይ ሁለት ክሮች አሉት፤ በእነሱ ያገኘዋል። ከማዶ ነፋሱን ሽቅብ እየቀዘፈ ይመጣል።»

አንድ ቀን ከግንደወይን መንገድ ገባ ብሎ ባለ ቀበሌ አንድ ሽማግሌ ወደ ክዳኑ አንጋጠው ሲያዩ ቆዩና፦

«ታዲያ ሴቷ እዚህች ጎማ ውስጥ ናት?» አሏቸው።

«የለችም።»

«የለችም? ማንን ብሎ ነው እንግዲህ የሚመጣው?»

«ጠረኗን ብሎ።»

«ወይ ግፍ!» አሉ ሽማግሌው።

ከኋላ የቆመ ጎረምሳ ቀበል አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ለእኔም አንዷን ጎማ ይስጡኝ፤ ለሴት የሚሆን ካለ ደግሞ ያ ይሻለኛል» ሲል ማሳው በሳቅ ሞላ። ጋሼ ይሁኔ ሳቅ ይወዱ ነበር፤ ያን ቀን ግን አልሳቁም። በሞተሩ ስንመለስ ፍጥነታቸውን ቀንሰው፣ «ሽማግሌው እውነታቸውን ነው» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ግፍነቱን። ተባይም ቢሆን፣ የሌለችን ሰው አለች ብሎ መጥራት...» አልጨረሱትም። ፍጥነታቸውን ጨመሩ።

ጥንቁቅ ሰው ነበሩ። ጎማዋን ያለ ጓንት አይነኩም፤ እኛንም አያስነኩም። «ለእኛ አይሸተንም እንጂ ይከተለናል» ይሉ ነበር። ጓንት ቢያደርጉም ከዓመት ዓመት ጋቢያቸው ላይ ሳያርፍ አልቀረም፤ በበቆሎ ወራት ወደ ማታ በረንዳ ላይ ከተቀመጡ አንድ ሁለት የእሳት እራት ትከሻቸው ላይ አይጠፋም። እትዬ አትጠገብ ይህን ሲያዩ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው፣ «ሰው ባሏን ሴት ስትከተልባት ትቀናለች፤ የእኔን ባል የሚከተሉት ወንዶች ናቸው፣ ማንን ልምታ?» ይላሉ። ጋሼም «አንቺ ምን አለብሽ፣ ለቅመሽ አትጥያቸውም እንዴ» ይሏቸዋል። ከክፍሌ ሆኜ ስሰማቸው ትዳር እንዲህ ከሆነ ጥሩ ነው እል ነበር።

መቅደስ አንድ ልጃቸው ነበረች። ደጀን አስተማሪ ሆና ተመድባ ትኖር ነበር፤ ለበዓል ስትመጣ አይቻታለሁ። እንደ እናቷ ቀልደኛ፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ የምትሸፍን ልጅ ናት። በጥቅምት ትኩሳት ያዛት ተባለ፤ ሰው ሊጠይቃት ስንቅ ሲያሰናዳ ሬሳዋ መጣ።

ከቀብሩ በኋላ እትዬ አትጠገብ ምግብ እንቢ አሉ። ሲለመኑ ይጎርሳሉ፤ ጉርሻው ግን ጉንጫቸው ውስጥ ይቀራል። ያ ሁሉ ቀልድ ጠፋ። አርባዋ ወጣ፤ እሳቸው ግን እንደ ቀብሩ ቀን ናቸው። ፋሲካ መጥቶ ሄደ። ክረምት ሲገባ ቀሚሳቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ይመስል ነበር፣ ውስጡ ሰው የለበትም። ጋሼ ይሁኔ ከሥራ ስንመለስ በር ላይ ቆም ይሉና ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ፣ ከዚያ ይገባሉ። «እሷንም ልቀብራት ነው መሰለኝ» አሉኝ አንድ ቀን። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው የሚናገሩ ሰው አልነበሩም።

በዚያው ክረምት መብራት ጠፋ። ጎማዎቹ በቀዝቃዛ ካልተቀመጡ ጠረናቸው ይበንናል፤ የመሥሪያ ቤቱ ፍሪጅ ደግሞ ሞቆ ቀረ። ጋሼ ፓኬቶቹን ወደ ቤታቸው አምጥተው ጓዳ ውስጥ እርጥብ አሸዋ ላይ በተቀመጠ እንስራ ውስጥ አኖሯቸው። አንደኛው ፓኬት የተከፈተ ስለ ነበር በጨርቅ መጠቅለል ፈለጉ። ጓዳው ጨለማ ነው፤ ሣጥኑ የእትዬ ነው፤ እጃቸው የገባውን አንሥተው ጠቀለሉበት። መብራት ሲመጣ ጎማዎቹን ወደ መሥሪያ ቤት መለሱ፣ ጨርቁንም ሣጥኑ ውስጥ መልሰው ከተቱት። ያ በሜዳ ላይ ያለ ጓንት የማይነካ ሰው፣ ቤቱ ውስጥ ምን እንደ ነካ አላየም። ጨርቁ የመቅደስ ነጠላ ነበር።

ፍልሰታ ገባ። እትዬ አትጠገብ አቅም ባይኖራቸውም ሱባኤ እገባለሁ አሉ። እየደገፍኋቸው ጊዮርጊስ እንሄዳለን፤ ከቅዳሴ መልስ በዝግታ እየተራመዱ የሚሉት አንድ ነገር ነበር፦ «እመቤቴን ምልክት ለምኛታለሁ። ልጄን አምጪልኝ አላልኋትም፤ እንዲያ ያለ ልማድ የለም። ደህና ናት በዪኝ ነው ያልኋት።»

አንድ ቀን ከሰዓት ሣጥናቸውን ሲከፍቱ ነጠላውን ተጨማድዶ አገኙት። አፍንጫቸው ላይ አድርገው ረጅም ጊዜ ቆዩ። «ጠረኗ አለ» አሉኝ። እኔም አሸተትሁ፤ የሣጥን ሽታ ነበረው። ማጠብ አልፈለጉም። ሻጋታ እንዳይዘው ብለው በረንዳው ላይ ባለው ገመድ ዘርግተውት ከሥሩ ተቀመጡ። እኔ ከክፍሌ በር ላይ ቆሜ ውዳሴ ማርያም እደግም ነበር። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የመጀመሪያው መጣ። በክረምት የሞጣ ጓሮ ሁሉ በቆሎ ነው፤ ከየት እንደ መጣ አያስደንቅም። ጥለቱ ላይ አረፈና ክንፉን አርገፈገፈ። ሌላ መጣ። ሌላም። ወዲያው ነጠላው በግራጫ ክንፍ ተሸፈነ፣ የሚተነፍስ መሰለ።

እትዬ አትጠገብ ሳይነሡ ቀና ብለው አዩ።

«መጣሽ?» አሉ።

እስከ ዛሬ ያ ድምፅ ይመጣብኛል። አላለቀሱም፣ አልጮሁም። ውጭ የዋለች ልጅ ስትገባ እንደሚባለው ነው ያሉት። የሰው ነፍስ በእሳት እራት አምሳል ትመጣለች የሚል ትምህርት ቤተ ክርስቲያናችን እንደሌላት አውቃለሁ። ክንፋቸውን አይቼም ወንዶች መሆናቸውን ለየሁ፤ ሥራዬ ነው። ቢሆንም በስመ አብ ብዬ አማተብሁ።

ጋሼ ይሁኔ በዚያ ሰዓት ከደጅ ገቡ። ነጠላውን አዩ፣ ሚስታቸውን አዩ። ሲገባቸው አየኋቸው። እጃቸውን ወደ አፋቸው አነሡና መልሰው አወረዱት።

በማግስቱ መሥሪያ ቤት ብቻቸውን ሳገኛቸው፣ «ጋሼ፣ ነጠላው...» አልኋቸው።

«አውቃለሁ።»

«ይነግሯቸዋል?»

«ትናንት እራት በላች» አሉኝ። «ምስር ጨመረች። 'ጨው አንሶታል' አለች። ሰማሽ? ከጥቅምት ወዲህ ምግብ ስታማ የመጀመሪያዋ ነው።»

ምን እላለሁ? የእኔ ቤት አይደለም። ጠረኑም ይጠፋል፣ ያኔ በራሱ ያልቃል ብዬ ተውሁት።

ጠረኑ እውነትም ሳሳ። አንድ ማታ ሦስት አራት ብቻ መጡ፤ በሚቀጥለው ማንም አልመጣም። እትዬ እስኪጨልም ጠበቁ። «ምን አስቀየምኋት?» እያሉ ገቡ፤ ማዕዱ ሲቀርብ እጃቸውን አልዘረጉም። ከዚያ በኋላ ባለው ምሽት ነጠላው እንደገና ተሸፈነ። ጠጋ ብዬ ሳየው የጥለቱ ጫፍ ላይ ከዚህ በፊት ያልነበረች ትንሽ ቋጠሮ አለች። መሥሪያ ቤት ሄጄ አዲሶቹን ፓኬቶች አየኋቸው፤ አልተነኩም። ጋሼ የወሰዱት በወጥመድ ውስጥ ጊዜያቸውን ጨርሰው የሚጣሉትን ጎማዎች ነበር። የገበሬውን አልነኩም። ለዚያም ተጠንቅቀዋል።

እትዬ አትጠገብ ሰው ሆኑ። በሉ፣ ሠሩ፣ ከጎረቤት ጋር ተነጋገሩ። ወሬው ግን ግቢ ውስጥ አይቀርም። ጎረቤቶች ወደ ማታ ብቅ ማለት ጀመሩ፤ አንዳንዶቹ የነጠላውን ጫፍ ይሳለማሉ። ከእነሱ አንዷ እማማ ዘርፌ ነበሩ። ልጃቸው በበረሃ በኩል ወደ ዐረብ አገር ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል። አንድ ማታ ከነጠላው ሥር ተንበርክከው፣ «አትጠገብ፣ እባክሽ ያንቺዋን ጠይቂልኝ። እዚያ ካለ ታየዋለች። ከሌለም ልወቀው» አሉ።

«እጠይቅልሻለሁ» አሏቸው እትዬ፣ ሙሉ በሙሉ አምነው።

ጋሼ ይሁኔ በረንዳው ጥግ ተቀምጠው ነበር። ተነሥተው ወደ ጓሮ ሄዱ። በቆሎው መካከል ጀርባቸውን ሰጥተው ሲቆሙ አየኋቸው።

መስከረም አለቀ። የመቅደስ ሙት ዓመት ደረሰ።

«ጌሾ ይወቀጥ እንጂ፣ አትጠገብ» አሉ ጋሼ።

«ለምኑ?»

«ለሙት ዓመቷ ነዋ!»

«በየማታው ለምትመጣ ልጅ ሙት ዓመት ላውጣ? አንተ ሰው፣ ደህና ነህ?»

ዘመድ መጣ፣ ለመነ፤ አልሆነም። የንስሐ አባታቸው ሳይቀሩ መጡ። «ልጄ፣ ጸሎት ትሻለች። ስሟ ይነሣ፣ ነዳይ ይብላላት» አሏቸው። እትዬ አትጠገብ በአክብሮት እጃቸውን ተሳልመው፣ «አባቴ፣ እርስዎ ስሟን ነው የሚያነሡት፤ እኔ እሷኑ አያታለሁ» ብለው መለሱላቸው። ካህኑ ሲወጡ ጋሼ እስከ በር ሸኟቸው። እኔ ውሃ ልቀዳ ቧንቧው ጋ ነበርሁ።

«ይሁኔ፣ ልጅቷ ሳይጸለይላት ልትቀር ነው» አሉ ካህኑ። «እናቷን የያዛትን ነገር እግዚአብሔር ይፍታው።»

ጋሼ ይሁኔ «አሜን» አሉ። እንዲያ ያለ አሜን ሰምቼ አላውቅም።

በዚያው ቀን፣ ጀምበር ስትጠልቅ፣ ክፍሌን አንኳኩ። «ነይ፤ አንቺም ተቀመጪ» አሉኝ። እትዬ እንደ ልማዳቸው በረንዳው ላይ ናቸው። የእሳት እራቶቹ መምጣት ጀምረዋል። ጋሼ ወደ ነጠላው ሄዱና ቋጠሮዋን በጣታቸው ይፈቱ ጀመር።

«ተዋት! ምን ታደርጋለህ?»

«ቆይ፣ አትጠገብ።»

ጎማዋን አውጥተው በባዶ መዳፋቸው ያዟት። ጓንት የለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲያ ሲያደርጉ አላየኋቸውም።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የመሥሪያ ቤት ነው።»

«የመሥሪያ ቤት?»

መዳፋቸውን እንደ ዘረጉ ግቢውን አቋርጠው አጥሩ ጋ፣ ነፋሱ በሚመጣበት ወገን ቆሙ። ነጠላው ላይ ያሉት ጥቂት ቆዩ። ከዚያ አንዱ ተነሣ፤ ግራ ቀኝ እየተወላገደ አየሩን ቀዝፎ ጋሼ እጅ ላይ አረፈ። ሌላው ተከተለ። አዳዲሶቹ ከጓሮ ሲመጡ ወደ ነጠላው አላዩም። እትዬ አትጠገብ ቀስ ብለው ብድግ አሉ። ጋሼ ይሁኔ ተመልሰው መጡና እግራቸው ሥር ተንበረከኩ፤ ክንዳቸው እስከ ክርናቸው ግራጫ ሆኗል።

«ይህችን ነጭ ነጥብ አየሻት? ክንፉ ጫፍ ላይ ያለችውን? ይህ ያለበት ወንድ ነው። ሴቷ የላትም።»

እትዬ ጎንበስ አሉ። «ይኸኛውስ?»

«ወንድ።»

«ይኸስ?»

«ወንድ ነው።»

በጣታቸው እየጠቆሙ አንድ በአንድ፣ ከመዳፍ እስከ ክርን፣ አዩአቸው። እኔ ትንፋሼን ይዤ ከእሳቸው ጋር አይ ነበር፤ ሁሉንም እያወቅሁ፣ አንዲት ያለ ነጥብ ብትገኝ ብዬ እየተመኘሁ።

«አንዲት ሴት የለችም?»

«የለችም። ሴቷ ወደዚህ ጠረን አትመጣም።»

«አንድ ቀንም አልመጣችም?»

ጋሼ ይሁኔ የተጠየቁት ስለ ማን እንደ ሆነ ገባቸው። አንገታቸውን ደፉ። «አንድ ቀንም።»



«እኔን ነው ያጠመድኸኝ፣ ይሁኔ?»

«የመጀመሪያው ሳላውቅ የሆነ ነው። የቀረውን አውቄ ነው ያደረግሁት። እንድትበዪልኝ ነው።»

እትዬ አትጠገብ ነጠላውን ከገመዱ አወረዱ፣ አራግፈው አጠፉት፣ ይዘውት ገቡ። በሩን ቀስ ብለው ነው የዘጉት። ቢያላትሙት ይሻል ነበር።

ጠዋት የነቃሁት በሙቀጫ ድምፅ ነው። ጌሾ እየወቀጡ ነበር፣ ብቻቸውን፣ ከአቅማቸው በላይ። ላግዛቸው ስጠጋ ዘነዘናውን አልሰጡኝም። ሲጨርሱ ነጠላቸውን ለብሰው እማማ ዘርፌ ቤት ሄዱ፤ «ጠይቄልሽ አላውቅም፤ የምጠይቃት አልነበረችም» ብለው ነግረዋቸው ተመለሱ። ሙት ዓመቱ ወጣ። ካህናቱ መጡ፣ ነዳያን በሉ፣ የመቅደስ ስም ተነሣ። እትዬ አትጠገብ ቀጥ ብለው ቆመው አስተናገዱ። ከዚያ ወዲያ ምግብ እንቢ አላሉም። ንዴቱ ነው ያቆማቸው፣ ጸሎቱ ነው፣ አልመረምርም።

ለጋሼ ግን የሚናገሩት የሚያስፈልገውን ብቻ ሆነ። «ውሃው ሞቋል።» «በሩን ዝጋው።» ያ የባልና ሚስት መቀላለድ ከግድግዳዬ ማዶ አልተሰማም። ጋሼ ይሁኔም ተለወጡ። ጓንት ማድረግ ተዉ። ጎማዋን በባዶ እጃቸው ያወጣሉ፣ በባዶ እጃቸው ይሰቅላሉ፤ ስነግራቸው «እንግዲህ ምን ቀረ?» ይሉኛል። ወደ ማታ በረንዳው ላይ ጋቢያቸውን ለብሰው ብቻቸውን ይቀመጣሉ፤ የእሳት እራቶቹ ትከሻቸውን፣ እጃቸውን ይሞሉታል። አያባርሯቸውም።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ጠዋት ጠዋት የሚያደርጉት ነበር። በፊት ባልዲውን ከፍተው የሞቱትን በጅምላ አይተው ይደፏቸው ነበር። አሁን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በወረንጦ አንድ በአንድ ያገላብጧቸዋል፣ የክንፋቸውን ጫፍ ያያሉ። ገበሬው ቆሞ ይጠብቃል፣ ፀሐይ ትወጣለች።

«ጋሼ፣ ምን ይፈልጋሉ?» አልኋቸው አንድ ቀን።

«እንዲያው ነው። ተሳስታ የመጣች እንደ ሆነ።»

«ሴቷ ትመጣለች እንዴ?»

«አትመጣም» አሉኝ። እያገላበጡ ነበር።

እኔ ከዚያ በኋላ አገባሁና ከባለቤቴ ጋር ወደዚህ መጣሁ። ጁባም ማታ መስኮቱ ላይ የእሳት እራት ይለጠፋል። መብራቱን አጥፍቼ መጋረጃውን እዘጋለሁ። ከመዝጋቴ በፊት ግን ክንፋቸውን አያለሁ፤ ተጣብቆብኛል።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስደውል ጠራ። በመጀመሪያ አላመንሁም። እትዬ አትጠገብ ድምፄን ለዩት። ተላቀስን። አላጽናናኋቸውም፤ እሳቸው ናቸው ያጽናኑኝ። ስመ ክርስትናቸውን ጠየቅሁ፤ «ገብረ ሥላሴ» አሉኝ። ጻፍሁት። ስልኩን ልዘጋ ስል፣ «ቆይ፣ ልጄ፣ ለማንም ያልነገርሁት አለ» አሉኝ።

ጋሼ ይሁኔ ልባቸው ደክሞ አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ አልጋቸው በሩ ጋ እንዲሆንላቸው ጠይቀው ነበር አሉ። ወደ ማታ በሩ ይከፈታል፤ የእሳት እራቶቹ ይገባሉ፣ እጃቸው ላይ፣ ብርድ ልብሱ ላይ ያርፋሉ።

«በየማታው ይጠይቀኛል» አሉኝ እትዬ። «'እስቲ እይልኝ፣ ሴት አለችባቸው?' ይለኛል። እኔም አይቼ 'የለችም' እለዋለሁ። ምን ልበል? እሱ ራሱ አይደል ያሳየኝ! እልኸኛ መሆኔንም ታውቂያለሽ። አንድ ማታ፣ ሁለት ማታ... የለችም፣ የለችም። ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።»

መስመሩ ጩኸት ነበረበት። ተቋረጠ ብዬ ደነገጥሁ።

«አሉ፣ እትዬ?»

«አለሁ። የመጨረሻዋ ቀን መናገር ከብዶታል፤ በዓይኑ ነው የጠየቀኝ። ከብርድ ልብሱ ላይ አንዱን አንሥቼ በመዳፌ አቀረብሁለት። 'ይኸውልህ፣ አንዲት ሴት አለች' አልሁት።»

«እውነት ሴት ነበረች?»

«ወንድ ነው እንጂ። ነጩ ነጥብ ከዚህ እስከዚያ ይታያል። እኔም አይቼዋለሁ፣ እሱም አየው። ሲያየው ሲያየው ቆየና ወደ እኔ ቀና አለ። 'እውነትሽን ነው፣ ሴት ናት' አለኝ። እጁን ዘረጋ።»

«እሺ?»

«ሰጠሁት።»